ከየትኛው ፋሲካ ጀምሮ?

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያየሽው?» ሲል ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ጠየቀ። ወደ አማርኛ መለስኩላት።

«ከፋሲካ ጀምሮ ነው፣ እትዬ» አለችኝ።

ወሩ ጳጉሜን ነበር። አራት ወር ተኩል ብዬ በሆዴ አስልቼ ልናገር አፌን ስከፍት አንድ ነገር ከነከነኝ። «የዘንድሮውን ፋሲካ ማለትሽ ነው አይደል?» አልኳት። ከመመርመሪያው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ግራ ክንዷን ከጎኗ ጋር ግጥም አድርጋ ይዛ፣ ወለሉን ታያለች። ቆየት አለችና «የአምናውን» አለች።

ለሐኪሙ በቀን ቆጥሬ ነገርኩት። ወደ 500 ቀን ይጠጋል። እንጀራዬ የትራንዚት ሥራ ስለሆነ ቀን መቁጠር ልማዴ ነው። ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ኮንቴነሩ ከመርከብ ወርዶ ነጻ ቀኑ ሲያልቅ ዲመሬጅ የሚባለው የመዘግየት ክፍያ መቁጠር ይጀምራል፤ ባለዕቃው ከአዲስ አበባ በቀን ሦስቴ ይደውላል፤ እኛም ሰነድ ስናሯሩጥ እናመሻለን። ለብረትና ለዘይት እንዲህ ቀን የምንቆጥር ሰዎች፣ ከመካከላችን በአንዷ ብብት ሥር ያለ እብጠት 500 ቀን ሲሞላው አላወቅንም። እኔ ይህችን እህት በየሳምንቱ አገኛታለሁ። ቡና አብረን ስንጠጣ ስኒ የምታቀብለኝ በቀኝ እጇ ብቻ እንደሆነ እንኳ ያስተዋልኩት ከዚያ ቀን በኋላ መለስ ብዬ ሳስብ ነው።

ሄሮን በጅቡቲ ከተማ ባሕሩን ገፍቶ የገባ ሰፈር ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ ባለረጅም እግር የውሃ ዳር ወፍ ማለት ነው። ኤምባሲዎችና ሰፋፊ ቪላዎች አሉበት፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኬምፒንስኪ ሆቴልም እዚሁ ወገን ባሕሩ ዳር ነው። በአጥሮቹ ውስጥ ጆሮውን ለጣለ ሰው አማርኛ ይሰማል። ወጥ የምትሠራው፣ ልጅ የምትይዘው፣ በር የሚጠብቀው፣ መኪና የሚነዳው ብዙ ጊዜ የእኛው ሰው ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ከተማው በሙቀቱ ምክንያት ሲተኛ እነሱም ትንሽ ያርፋሉ፤ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ፀሐይ በረድ ስትል ወጣ ብለው ከባሕሩ ዳር ይቀመጣሉ። ስለ ደመወዝ ይወራል፤ ስለ መኖሪያ ወረቀት፣ ሀገር ቤት ስለሚማሩ ልጆች፣ ስለሚሠራ ቤት ይወራል። ወሬው ወደ ሰውነት ሲደርስ ግን ሁሉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋዋል። «ሀገር ስገባ እታያለሁ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር እዚህ ከተማ 20 ዓመት ከኖሩ ሰዎች አፍ ሰምቼዋለሁ። ጅቡቲን እንደ መተላለፊያ ነው የምናያት። ልጅ ወልደንባት፣ ልጅ አስተምረንባት እንኳ ሻንጣችንን ሙሉ በሙሉ አልፈታንም። ስለዚህ ጥርስም፣ ዓይንም፣ ግፊትም፣ የማሕፀን ምርመራም ለሀገር ቤት ይቀጠራሉ። ሀገር ሲገባ ደግሞ ፈቃዱ 15 ቀን ነው። የሞተ ዘመድ ቤት ልቅሶ መድረስ አለ፤ ሠርግ አለ፤ እናት «ምነው ዛሬ እንኳ ቤት ብትውዪልኝ» ትላለች። ሐኪም ቤት ሄዶ እናትን ማስደንገጥ ማን ይፈልጋል? በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቅቤው ይታሸግና መመለስ ነው። ምርመራው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኔም በዚያች ሰዓት ከዚያች እህት አጠገብ ስቆም በግራ ብብቴ ውስጥ አንድ ነገር ነበረኝ።

ያገኘሁት ሐምሌ ላይ ነው። በጅቡቲ ሐምሌ ጣራ ላይ ያለው የውሃ በርሜል ቀኑን ሙሉ ሲግል ስለሚውል ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደውም ያቃጥላል፤ ሰው የሚታጠበው ሌሊት ነው። ሳሙና በያዘው እጄ ብብቴን ስነካ ሽምብራ የምታህል ነገር ከጣቴ ሥር ሸርተት አለች። ደግሜ ፈለግኳት፤ አለች። በመጀመሪያ ምላጩን ወቀስኩ። ከዚያ ሽቶውን ቀየርኩ። ከዚያ ሙቀቱ ነው አልኩ፤ በዚህ ወር ብጉንጅ ያልወጣበት ሰው ማን አለ? እናቴ ብታየው «ንፍፊት ነው፣ እጅሽን የቆረጠሽ ነገር አለ?» ትለኝ ነበር። ልጅ ሆነን እግራችን ሲቆስል ንፍፊቱ በብሽሽት፣ እጃችን ሲቆስል በብብት ይወጣ ነበርና።

የእናቴ ዕውቀት እውነት ነው። በእያንዳንዱ ብብት ውስጥ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። ከክንድ፣ ከጡትና ከደረት የሚመጣውን ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ተሕዋስ ሲያገኙ ያብጣሉ፤ ሥራቸውም ይኸው ነው። ስለዚህ በብብት የሚገኝ እብጠት አብዛኛው ካንሰር አይደለም። የተዘጋ የፀጉር ሥር፣ የስብ እብጠት፣ የጣት ቁስል ያመጣው ንፍፊት ሊሆን ይችላል። ጡት የምታጠባ እናት ብብት ሥር የሚያብጥ የጡት ሥጋ አለ፤ ጡት እስከ ብብት የሚዘልቅ ጅራት አለውና። የኮቪድ ክትባት በወሰዱበት ክንድ በኩል ያበጠባቸው ብዙዎች ነበሩ። በእኛ ሀገር ደግሞ ቲቢ አይረሳም። በኢትዮጵያ ከሚገኘው ቲቢ ሰፊው ድርሻ ከሳንባ ውጪ ነው፤ ዕጢ ላይ ያርፋል፤ ሕክምናውን በሥርዓት የወሰደ ይድናል።

የጡት ካንሰርም ከጡት ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው በእነዚሁ ዕጢዎች ላይ ነው። አንዳንዴ ጡቱ ላይ ምንም ሳይዳሰስ ብብቱ ቀድሞ ይናገራል። ጠንካራ የሆነ፣ ሲነኩት የማይንቀሳቀስ፣ እያደገ የሚሄድ፣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ እብጠት መታየት አለበት። ከእሱ ጋር የጡት ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ደም መሰል ፈሳሽ ካወጣ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳትና የሌሊት ላብ ካለ ማደርም አያስፈልግም። ሕመሙን መለኪያ ማድረግ ነው ያጠፋን። «ካላመመኝ ምን አለበት» የሚለውን ያቺ እህት ለ500 ቀን ለራሷ ስትለው ቆይታለች። ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የሚያመው ብጉንጁ ነው።

እኔ ምን አደረግኩ? አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ስሙን አልጠራም። ብብቴን ሳያዩ፣ ሳይነኩ አሞክሳሲሊን ጻፉልኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ካልታየሁ ብዬ አልተሟገትኩም። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ሽምብራዋ አለች። ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ዝም አልኩ። ሦስት ልጆች የወለድኩ፣ 46 ዓመት የሞላኝ፣ ለሰው ምክር የማላንስ ሴት ነኝ። ክንድን አንስቶ ብብትን ለማያውቁት ወንድ ማሳየት የሚያመጣውን መሸማቀቅ ግን አሸንፌው አልነበረም። ፍርሃቱም ነበረ። ስሙ ካልተጠራ የሌለ የሚመስለን ነገር አለ።

ያን ቀን እህታችን ልብሷን እየለበሰች ሳለ ወደ ሐኪሙ ዞሬ «እኔም አለኝ» አልኩት።

ምርመራው ምን እንደሚመስል የማያውቅ ስለሚፈራው ዘርዝሬ ልናገር። ገላ ለመታጠብ የሚወስደውን ያህል እንኳ አልፈጀም። ሁለቱንም ብብቶች ዳሰሰ፤ ክንዴን በራሱ ክንድ ላይ አሳርፎ፣ ጡንቻው እንዲላላ። ከዚያ ሁለቱንም ጡቶች፣ አንገቴን፣ ከአጥንቱ በላይ ያለውን ጎድጓዳ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አየ፤ ቁስል ፍለጋ። ከእናትሽ ወይም ከእህቶችሽ የጡት ወይም የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር የታመመ አለ? የወር አበባ ስንት ዓመትሽ ላይ ጀመረሽ? ልጆችሽን አጥብተሻል? ከስተሻል? ሌሊት ያልብሻል? ከዚያ «ጋንግሊዮን» አለና ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ይህ ቃል እዚህ ከተማ ስንቱን ሰው እንቅልፍ አሳጥቷል! በፈረንሳይኛ ዕጢ ማለት ብቻ ነው፤ የእናቴ ንፍፊት ነው። የእኛ ሰው ግን ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ ካንሰር የተባለ መስሎት እንደገና አይመለስም። አስተርጓሚ የሌላት ሴት ደግሞ መጀመሪያውኑ አትገባም። ወረቀት የሌላት መታወቂያ እንዳትጠየቅ ትፈራለች።

ቀጥሎ ኤኮ ነበር፤ በአልትራሳውንድ ዕጢው ቅርጹ የተጠበቀ ይሁን የተበላሸ ያያሉ። ዕድሜዬ ከ40 በላይ ስለሆነ ማሞግራፊ ተጨመረ። ጡትን በሁለት ጠፍጣፋ ነገር መካከል ይጫኑታል፤ ያማል፤ ሰኮንዶች ነው የሚቆየው። በመጨረሻ በቀጭን መርፌ ናሙና ወሰዱ። ናሙና ሲወሰድ «ነክተው አባባሱት» የሚል ወሬ አለ፤ በወሬው ምክንያት ናሙና እምቢ ያሉ ሰዎች አውቃለሁ። ካንሰር ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚለየው ያ መርፌ ነው። የሌላው ሁሉ ቃል ግምት ነው።

የእኔ ውጤት በተላላፊ ምክንያት ያበጠ ዕጢ ሆኖ ተገኘ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደግሞ እንዲታይ ተቀጠርኩ፤ ታየ፤ ቀንሷል።

ነገር ግን በዚያው ቀን ነርሷ ግፊቴን ለካች። ለካችና ዝም አለች። ውሃ አጠጥታኝ፣ አሥር ደቂቃ አስቀምጣኝ ደግማ ለካች። በሌላኛው ክንድ ሦስተኛ ለካች። 164 በ98። መስመሩ 140 በ90 ነው። ግፊቴን ለመጨረሻ ጊዜ የተለካሁት የመጨረሻ ልጄን አርግዤ ሳለሁ ነው፤ ልጁ 11 ዓመቱ ነው። በመካከሉ ስንት ዓመት እንዲህ እንደኖርኩ የሚያውቅ የለም። ራሴን ሲያመኝ ሙቀቱ ነው ስል ነበር። ብብቴ ባያብጥ ይህን አላውቅም ነበር፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይከብደኛል።

ሰው 40 ሲሞላው ሳይታመም የሚታይባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም። ግፊት ክንድ ላይ አንድ ጨርቅ መጠቅለል ነው። ስኳር በባዶ ሆድ አንድ ጠብታ ደም ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ ተደግሞ ይረጋገጣል። በማሕፀን በር ካንሰር ምርመራ የዓለም ጤና ድርጅት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ቅድሚያ ይሰጣል፤ በኢትዮጵያ በጤና ጣቢያ ደረጃ አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን በማየት ይሠራል፤ ለሴት ልጆቻችን ደግሞ ክትባቱ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትምህርት ቤት ድረስ እየመጣ ነው። ስለ ጡት ሀገራት በዕድሜው አይስማሙም። ፈረንሳይ ከ50 እስከ 74 ዓመት ያሉትን በየሁለት ዓመቱ በደብዳቤ ትጠራለች፤ አሜሪካኖች በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያውን ዕድሜ ወደ 40 አውርደውታል። እኛን በደብዳቤ የሚጠራን የለም። የኢትዮጵያ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ደግሞ ከአውሮፓውያኑ በዕድሜ ያነሱ ናቸው፤ ብዙዎቹ ገና በ40ዎቹና ከዚያም በታች ናቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ከ16,000 በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር እንደተያዙና ከ9,000 በላይ እንደሞቱ ተገምቷል። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነው።

ወንዶቹም ከዚህ አይወጡም። ከመቶ የጡት ካንሰር ታማሚ አንዱ ገደማ ወንድ ነው፤ ግፊትና ስኳር ደግሞ ጾታ አይለይም። በጋላፊ ድንበር በኩል የሚመላለሱትን ሹፌሮቻችንን አያለሁ። ከመነሳታቸው በፊት እያንዳንዱን ጎማ በብረት መትተው ድምፁን ያዳምጣሉ፤ አንዱ ድምፁ ከተለየ አይነሱም። ከእነሱ መካከል ግፊቱን የሚያውቅ ስንት ነው ብዬ አንድ ዓርብ ጠይቄ ነበር። ከጠየቅኳቸው ዘጠኝ ሹፌሮች አንዱ ብቻ መለሰልኝ፤ እሱም ወድቆ ስላወቀው ነው።

ወደ እህታችን ልመለስ። የእሷ ናሙና ካንሰር ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በጡት ካንሰር ዕቅዱ አንዲት ሴት ምልክት ይዛ ከቀረበች በ60 ቀን ውስጥ በሽታው ተለይቶ መታወቅ አለበት ይላል። እሷ ከቀረበች በኋላ የተለየላት በሦስት ሳምንት ነው። የዘገየነው ከመቅረቧ በፊት ነው። የ60 ቀኑን ሰዓት የሚያስጀምር እኛ ነን፤ ጎረቤት፣ ጓደኛ፣ ቡና አጣጪ።

ከጅቡቲው የናጋድ ጣቢያ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ወንድሟ ጋ ሄደች። አሁን ኬሞ እየወሰደች ነው፤ ከዚያ ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ጨረር ይጠብቃታል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ በሀገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር፤ የወረፋውን ርዝመት የታመመበት ሁሉ ያውቀዋል። ከሩቅ የሚመጣ ታማሚ ደግሞ ከወረፋው በፊት የሚያድርበት ያጣል። ለዚህ አቶ ወንዱ በቀለን አነሳለሁ። ልጃቸውን ማቲዎስን ገና በሕፃንነቱ በደም ካንሰር አጡ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በስሙ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። ይህ ድርጅት ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ ይሰጣል። አንድ አባት ሐዘኑን ለማያውቀው ሰው መኝታ አደረገው።

እኛስ? ሄሮንና በዙሪያው ያለን ሰዎች እድር አለን። በደንብ የሚሠራ እድር ነው። ሰው ሲሞት ሳጥኑን፣ ወረቀቱን፣ አስከሬኑ ሀገር የሚገባበትን በሁለት ቀን እናሟላለን። ማንም አይቀርም፤ የወር ደመወዟን ሙሉ የሰጠች ሠራተኛ አይቻለሁ። በዚህ እኮራለሁ። ግን ደብተሩን ሳገላብጥ ባለፉት ዓመታት ከጻፍነው ገንዘብ ውስጥ ለአንድ ሰው የኤኮ ዋጋ የተከፈለበት መስመር አላገኘሁም።

ባለፈው ወር ዓርብ ስብሰባ ላይ ተነሳሁ። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ አባል በዓመት አንድ ቀን እንዲታይ፣ አቅም ለሌለው እድሩ እንዲከፍል፣ ፈረንሳይኛ የምንችል ተራ ገብተን እንድናስተረጉም አልኩ። ዝም ተባለ። ከዚያ በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት ጋሼ ኩታቸውን አስተካክለው «ልጄ፣ ያልታመመን ሰው ወስዶ በሽታ መፈለግ ሟርት አይሆንም?» አሉ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ግፊት ስንት ነው?» አልኳቸው በአክብሮት።

«እኔ እንጃ» አሉ።

«የእኔ 164 ነበር። ሟርት አልጠራሁትም፤ እዚያው ነበር።» ከዚያ ስለ እህታችን ነገርኳቸው፤ ፈቃዷን ጠይቄ ነበር። ከየትኛው ፋሲካ ጀምሮ እንደሆነ ስናገር ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ውስጥ አንዷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ስብሰባው ካለቀ በኋላ በሩ ላይ ጠብቃኝ «እትዬ፣ ለብቻሽ ላናግርሽ» አለችኝ። ስለ እሷ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ በማግሥቱ አብረን ሄደናል።

ክርክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል። ደብተሩ አራት ዓምድ አለው፦ ለሞተ፣ ለታመመ፣ ለወለደች፣ ለተቸገረ። ስንስማማ ማስመሪያውን አውጥቶ አምስተኛ ዓምድ አሰመረና «ይህንን ምን ብዬ ልጻፈው?» አለ። አንዱ «ለምርመራ» አለ፤ ሌላው «ለጤና» አለ።

«ላልታመመ በለው» አሉ ጋሼ።

እንደዚያው ተጻፈ። በዚያ ምሽት 11 ሰው ተመዘገበ፤ ሰባት ሴት፣ አራት ወንድ። ጋሼ ሦስተኛ ላይ ናቸው። እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነው፤ ጠዋት በ1 ሰዓት ተኩል፣ ለስኳሩ ቁርስ ሳይበሉ፣ ከእድሩ ቤት በር ላይ እንገናኛለን።